የሐበሻ ጎመን ምሬት፦ የተቀቀለበትን ውሃ ልድፋው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ገላን አካባቢ ነው። የሐበሻ ጎመን ስሠራ አንዳንዴ እጅግ ስለሚመር ልጆቼ አይበሉልኝም። ጎረቤቴ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው ትለኛለች፤ እህቴ ደግሞ ቫይታሚኑን አብረሽ ደፋሽው ትለኛለች። ምሬቱ ደም ያጠራል፣ ግራዋ ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል የሚሉኝም አሉ። በቅርቡ ተመርምሬ ደም ማነስ እንዳለብኝ ስለተነገረኝ ጎመን ማዘውተር ጀምሬአለሁ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ግን በልብ ሕመሟ ምክንያት ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ስለምትወስድ ጎመን እንዳትነካ ሰዎች ነግረዋታል። ጎመኑን የምገዛው ከወንዝ ዳር ማሳ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ጎረቤትዎም እህትዎም እውነት አላቸው። የማይስማሙት ሁለቱም ጎመንን ሁሉ እንደ አንድ ዓይነት ቅጠል ስለሚቆጥሩት ነው። እናቴ ሰንዳፋ ካለው ጓሮዋ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ድስት ከመጣዷ በፊት ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር ነበር፤ ከአንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ቆርሳ በፊት ጥርሷ ታኝክና ጥቂት ትጠብቃለች። ምሬቱ ምላሷ ላይ ቶሎ ከጠፋ ቅጠሉ ታጥቦ፣ ተከትፎ በቀጥታ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ጉሮሮዋ ከተከተላት ግን በሌላ ድስት ውሃ ይፈላለታል። ሥነ ምግብ ተምሬ በሙያው ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላም፣ ለእርስዎ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ውሃው ይደፋ አይደፋ የሚለውን የሚወስነው በዕለቱ እጅዎ የገባው ቅጠል ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ምሬቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የሐበሻ ጎመን በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባል፣ የትውልድ አገሩም የእኛው ደጋ የሆነ ተክል ነው። የተገኘው ሰናፍጭ ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር በተፈጥሮ በመዳቀሉ ሲሆን፣ የሁለቱንም ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ጥሬውን ጎመን ሲያኝኩ የሚሰማዎት መሰንፈጥ፣ በጾም ወራት ሰናፍጭ ሲቀርብ አፍንጫዎን ከሚመታው ነገር ጋር አንድ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ድኝ ያለበት መራራ ንጥረ ነገር አለ፤ ከእሱ ተለይቶ የተቀመጠ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይምም አለ። ቅጠሉ ሳይነካ እስካለ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም፤ ቢላ ሲያርፍበት ወይም ጥርስ ሲያኝከው ግን ይቀላቀሉና የሚያቃጥለው፣ ዓይን የሚያስነባው ተናኝ ነገር ይፈጠራል። ተክሉ ይህን የሚያዘጋጀው ለእኛ ብሎ ሳይሆን ነፍሳት እንዳይበሉት ራሱን ለመከላከል ነው። ውሃ የተጠማ፣ ፀሐይ የበዛበት፣ ያረጀ ወይም ለማበብ የተዘጋጀ ጎመን ከሌላው ይበልጥ የሚመረውም ለዚህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የለመለመው ለጋ ቅጠል እና በየካቲት ደረቅ ወር የተቆረጠው ቅጠል ከአንድ ዘር ቢበቅሉም ድስት ውስጥ ሲገቡ አንድ አይደሉም። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ያገኘው የሱሉልታና የእንጦጦ ጎመን ደግሞ ጣፈጥ ይላል፤ ተክሉ ብርዱን ለመቋቋም በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚያከማች ነው።

ልጆችዎ አይበሉልኝም ያሉትንም በዚሁ ዓይን ይመልከቱት። ምሬትን የመቅመስ ኃይል ከሰው ሰው በትውልድ ይለያያል፤ ልጆች ደግሞ በአጠቃላይ ከአዋቂ ይበልጥ ምሬት ይሰማቸዋል። ለእርስዎ ደኅና የሆነው ጎመን ለልጅዎ በእውነት መራራ ሊሆን ስለሚችል፣ እንቢታውን እንደ ጥጋብ ወይም እንደ ግትርነት ባይቆጥሩበት መልካም ነው። እየቆዩ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማቅረብ ከማስገደድ የበለጠ ይሠራል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። ሲኒግሪን በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ፣ ቅጠሉ በብዙ ውሃ ሲቀቀል ጥሩ ድርሻው ወደ ውሃው ይወጣል፤ ጎረቤትዎ የሚያውቁት ይህን ነው። ነገር ግን ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነትም በውሃ የሚሟሙ በመሆናቸው በዚያው መንገድ ይወጣሉ፤ እህትዎ የሚያዝኑት ለእነዚህ ነው። ፎሌት በተለይ ከማርገዝ በፊትና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ለፅንሱ አከርካሪና አንጎል አፈጣጠር እጅግ አስፈላጊ በመሆኑ፣ ይህ ስጋት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ከውሃው ጋር የማይሄዱም አሉ። ቫይታሚን ኬ፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን እና አብዛኛው ካልሲየም ቅጠሉ ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ ውሃውን የደፋች ሴት ጎመኑን ባዶ አደረገችው ማለት አይቻልም፤ ከፊሉን ሰጥታ ምሬቱን አስወገደች ቢባል ይሻላል። ልጅ የማይነካው፣ ቫይታሚኑ ያልተነካ ጎመን ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

አሠራሩን በዝርዝር ላስቀምጥ። ቅጠሉን መጀመሪያ ሳይከትፉ በብዙ ውሃ፣ ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀየሩ ይጠቡት፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ገና ድስት ሳይደርስ ብዙ ነገር ያሳጣል። መሐል ለመሐል ያለውን ወፍራም አገዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ቅጠሉን ወደ ላይ ሲስቡት በአንድ ጊዜ ይላቀቃል፤ ያረጀ ጎመን ከሆነ አገዳውን ይተዉት፣ ለጋ ከሆነ ግን በቀጭኑ ይክተፉት። ቅጠሎቹን ደራርበው፣ ጠቅልለው፣ በግራ እጅ ጨበጥ አድርገው በስለታም ቢላ ማድቀቅ ነው። በምላስዎ ሲሞክሩት የማይመር ለጋ ቅጠል ከሆነ መቀቀል አያስፈልገውም፤ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው፣ ጎመኑን ከታጠበበት ውሃ ከያዘው እርጥበት ጋር ይጨምሩት። ድስቱ ክዳኑን ገጥሞ በመካከለኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢቆይ በራሱ ውሃ ይበስላል፤ የሚደፋም ነገር አይኖርም።

የሚመር ቅጠል ሲሆን ብዙ ውሃ በትልቅ ድስት ይጣዱና ሲንተከተክ ብቻ ቅጠሉን ይጨምሩ። በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሮ ማሞቅ ጊዜውን ስለሚያረዝመው ቫይታሚኑን ይጎዳል። ክዳኑን ከፍተው 5 ደቂቃ ያህል ካፈሉት በኋላ ያጥልሉት፣ ሲበርድ በእጅ ጨመቅ አድርገው ወደ ቁሌቱ ይመልሱት። ክዳኑ የሚከፈተው ያ ተናኝ ነገር ከእንፋሎቱ ጋር እንዲሄድ ነው። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ማንተክተክ ግን ምሬቱን ቢቀንስም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ቤት የሚሞላው ያ የድኝ ሽታ የሚመጣው አብዝቶ ከመብሰል ነው፤ ቅጠሉም አረንጓዴነቱን ጥሎ ይጠቁራል። መካከለኛ ምሬት ያለው ጎመን ሲገጥምዎ በጥቂት ውሃ ቀቅለው ውሃውን ወጡ ላይ ያለዝቡበት፤ እኔ ቤቴ ብዙ ጊዜ የማደርገው ይህን ነው።

ጨው፣ ቅባትና ሎሚ ምሬቱን ከምላስ ላይ ይሸፍናሉ። ጨው በጥቂቱም ቢሆን ምሬትን ያስታግሳል፤ ጎመን በቅቤ፣ በኮረሪማና በአይብ ሲሠራ ልጅ የሚወደውም በከንቱ አይደለም፤ የጉራጌ ባለሙያዎች በጎመን ክትፎ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ዘይቱ ወይም ቅቤው ሌላም ሥራ አለው፦ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ዳፍንትን ለመከላከል ጎመን ብሉ የሚባለው ምክር ሙሉ የሚሆነው በጎመኑ ላይ ጥቂት ዘይት ሲኖር ነው። ጨውዎ አዮዲን ያለው ይሁን፤ የሚጨመረውም ወጡ ሊወጣ ሲል ይሁን፤ አዮዲን በእሳት ላይ ሲቆይ ይቀንሳልና። ይህን አጥብቄ የምነግርዎ፣ የጎመን ወገን የሆኑ ተክሎች በብዛት ሲበሉና ሰውነት አዮዲን ሲያጥረው የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያስተጓጉሉ ስለሚችሉ ነው። አዮዲን ያለው ጨው በሚበላበት ቤት፣ ለዚያውም በስሎ፣ ጤነኛ ሰው ጎመን በመብላቱ ሊሰጋ አይገባም።

ምሬቱ ደም ያጠራል ስለሚባለው፦ ደምን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ጎመን ይህን ሥራ አይረከባቸውም። ጎመንና ዘመዶቹን የሚያዘወትሩ ሰዎች ጤና በተለያዩ አገሮች የተጠና ቢሆንም፣ ከእነዚህ የድኝ ንጥረ ነገሮች ብዙ ተስፋ ተደርጎ ምርምሩ ቀጥሏል እንጂ መድኃኒት ናቸው አልተባለም። ጎመንን ያለ ምንም ማጋነን ማመስገን ይቻላል። ለምሳሌ ከካልሲየሙ ሰውነት የሚወስደው ድርሻ ትልቅ ነው፤ በጎመን ወገን ባለው በኬል ላይ በተደረገ ልኬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ከስፒናች ግን የሚገባው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ስፒናችም ሆነ ዘመዱ ቆስጣ ካልሲየምን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ስለሚበዛባቸው ነው። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ቆስጣ ይቀንስ ተብሎ ጎመን ግን የሚፈቀድለትም በዚህ ምክንያት ነው። ወተት በማይጠጣባቸው የጾም ወራት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግራዋውን ግን ይተዉት። ግራዋ ከጎመን ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ዛፍ ሲሆን፣ በእኛ አገር እንስራና ጋን የሚታጠብበት ቅጠል ነው። በምዕራብ አፍሪካ ዘመዶቹ እንደ አትክልት የሚበሉት፣ ውሃ እየቀያየሩ ደጋግመው አሽተውና ጨምቀው ምሬቱን ካስወጡ በኋላ ነው። ጥሬውን ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። በተለይ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና እርጉዝ ሴት ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊሞክሩት አይገባም።

ስለ ደም ማነስዎ በግልጽ ልናገር። የተመረመረና የተረጋገጠ ደም ማነስ በጎመን ብቻ አይድንም። ሐኪምዎ የብረት እንክብል ካዘዘልዎ በታዘዘልዎ ልክ ይውሰዱ፤ ምክንያቱም ተለይቶ ይታወቅ፤ የወር አበባ መብዛትም፣ የአንጀት ትላትልም፣ የተደራረበ ወሊድም ሊሆን ይችላልና። አንዲት የልጅ እናት ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ጎመን እየበላች እንክብሉን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ደሟ ከነበረበት ወርዶ ስትመጣ አይቻለሁ፤ ጎመኑን ስላመነችበት ልወቅሳት አልቻልኩም፤ ያስቀየመኝ አጥርቶ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት በሥጋ ውስጥ ካለው ይልቅ ለሰውነት አስቸጋሪ ነው፤ የሚገባውም መጠን አብሮት በሚበላውና በሚጠጣው ይወሰናል። ቫይታሚን ሲ በእጅጉ ያግዘዋል። ወጡ ከወጣ በኋላ ሎሚ ቢጨምቁበት፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም የቲማቲም ሰላጣ ከጎኑ ቢያደርጉ፣ ከተቀቀለበት ውሃ ጋር የሄደው ቫይታሚን ሲ ተመልሶ ይተካል ማለት ነው። ሎሚውን ድስቱ እሳት ላይ እያለ አይጭመቁት፤ ሙቀቱ ቫይታሚኑን ያጠፋዋል፣ ኮምጣጣውም ቅጠሉን ያጠወልገዋል። በጾም ባይሆን ጥቂት ሥጋ የገባበት ጎመን በሥጋም የቅጠሉን ብረት ይረዳዋል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ግን ከምሳ በኋላ የሚፈላው ቡና ነው። በሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረቱን መግባት 40 በመቶ ገደማ፣ ሻይ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶት ተገኝቷል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ከልክሏል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን አልጎዳም። ከእኛ ልማድ አንጻር ይህ ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡናው ጎረቤት የሚሰበሰብበት ነውና ይተዉት አልልም። ሰዓቱን ያዛውሩት እንጂ። ረፋድ ላይ፣ ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢፈላ፣ ወይም ምሳው ካለፈ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ቢሆን ጎመንዎም እንክብልዎም ሥራቸውን ይሠራሉ።

የእናትዎ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ ከበለጸጉ ምግቦች አንዱ ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ቫይታሚን ኬ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ «ውሃውን ደፍቼ ብሰጣት አይጎዳትም» ብለው እንዳያስቡ። ይሁን እንጂ ጎመን ፈጽሞ እንዳትነካ የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው እናትዎ በተለምዶ በሚበሉት ላይ ተመሥርቶ ነውና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጥቂት ጎመን የሚበሉ ከሆነ እንደዚያው ይቀጥሉ፤ ሐኪማቸውም ይወቀው። ችግር የሚመጣው ልማዱ በድንገት ሲለወጥ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጎመን በየቀኑ ይበላና ከፋሲካ ጀምሮ ከገበታው ይጠፋል። ጎመኑ ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክምና ደም ሊረጋ ይችላል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታና መድማት ሊያስከትል ይችላል። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ሊገባ ሲልና ከተፈታ በኋላ አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ለክትትል ሐኪማቸው አስቀድመው ይንገሩ። ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምት የሚወጣ ሰንበር ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።

በመጨረሻ ስለ ወንዙ ልናገር፤ ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ቢሆንም እኔን ከምሬቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽና ከቆዳ ፋብሪካ ጀምሮ የልዩ ልዩ ኢንዱስትሪ ዝቃጭ ይቀበላሉ፤ በዳርቻቸው ያሉ ብዙ የአትክልት ማሳዎችም የሚጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ፤ መፍትሔያቸው አንድ ስላልሆነ መለየት አለባቸው። የወስፋት እንቁላልና ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን ቅጠሉ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ በደንብ መታጠብ ይቀንሳቸዋል፣ በሚገባ መፍላት ይገድላቸዋል። ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ግን ከአፈሩና ከውሃው በሥር በኩል ገብተው የቅጠሉ አካል ይሆናሉ፤ ማጠቡ አቧራውን እንጂ እነሱን አያስወግድም፣ እሳትም አያጠፋቸውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከፍሬ አትክልት ይበልጥ ይሰበስባቸዋል። በየቀኑ ለልጅና ደም ላነሳት ሴት የሚቀርብ ጎመን ከእንዲህ ያለ ማሳ ባይሆን እመርጣለሁ። ሻጯን «ውሃው የጉድጓድ ነው የወንዝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ በኩል በዝናብ አብቅለው የሚያመጡ እናቶች ሲያገኙ ደንበኛ ይያዙ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ጥቂት እግር ጎመን በደጅዎ መትከል ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ከታች በስተው፣ ከወንዝ ዳር ያልመጣ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ሞልተው በእያንዳንዱ ሁለት ችግኝ ቢያቆሙ፣ አምስት ስድስት ከረጢት ለአንድ ቤተሰብ ሳምንታዊ ጎመን ጥሩ ድጋፍ ይሆናል። በበጋ ጠዋት ጠዋት ውሃ አይንፈጉት፤ ሲጠማው እንደሚመር አይተናል። ሁልጊዜ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሰው የመሐሉን እምቡጥ ይተዉለት። ቢጫ አበባ ማውጣት ሲጀምር ቅጠሉ ለወጥ አይሆንምና ይንቀሉት፤ አንዱን እግር ብቻ ለዘር ይተዉ። ከዘሩ ጥቂቱን ለቀጣዩ ክረምት ያስቀምጣሉ፤ የቀረው ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ይሆንዎታል።